ጳጉሜን የማያውቅ ኮድ፦ ያያችሁትን አምጡ

ጠጋኙ፦

ሰላም ለመድረኩ ልጆች። ከሌላ ሰው የተረከባችሁት፣ ስትከፍቱት ያሳቃችሁ ወይም ራሳችሁን ያስያዛችሁ ኮድ ካለ እዚህ አምጡት። አደራ የምለው፣ የመሥሪያ ቤትም የሰውም ስም አይነሳ። ኮዱን እንዳለ አትለጥፉ፣ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ በአማርኛ ተርኩልን። የት ላይ እንደሚሰበርና እንዴት መጻፍ እንደነበረበት ካከላችሁበት ጀማሪዎቹ ይማሩበታል።

በእኔ ልጀምር። የአባላት መመዝገቢያ ሲስተም ተረከብኩ። የትውልድ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀበላል። ማረጋገጫው ይህ ብቻ ነው፦

ወር ከ12 ከበለጠ፦ «የተሳሳተ ወር»
ቀን ከ31 ከበለጠ፦ «የተሳሳተ ቀን»

ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሰው መመዝገብ አይችልም። ጥር 31 የተወለደ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ከሥሩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚቀይር ፈንክሽን አለ፤ ዓመቱ ላይ 8 ይደምርና ወሩንና ቀኑን እንዳሉ ይተዋቸዋል። መስከረም 1 ጃንዋሪ 1 ሆኖ ይወጣል!

ሳቄ የጠፋው ዳታውን ሳየው ነው። ነሐሴ 30 የተወለዱት ከሌላው ቀን ሁሉ በብዙ ይበልጣሉ። መዝጋቢዎቹ ሲስተሙ ጳጉሜን እምቢ ሲላቸው ነሐሴ 30 እያሉ አስገብተዋል። አሁን ኮዱን ማስተካከል ቀላል ነው፣ የሰዎቹን ልደት ግን ከየት አመጣዋለሁ?

ሰኔና ሰኞ፦

ጥር 31ን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ስቄ ሰው ሁሉ ዞረ።

የእኔው የሽያጭ ሲስተም ነው። የወር መምረጫው ላይ ጳጉሜ አለች፣ ደስ አለኝ። ሪፖርቱን ስከፍት ግን ሠንጠረዡ 12 ዓምድ ብቻ ነው። የጳጉሜ ሽያጭ የት ገባ ብዬ ስከታተለው፣ ኮዱ ወሩ ከ12 ሲበልጥ 12 ይቀንስለታል፤ 13 የነበረው 1 ይሆናል። የጳጉሜ ገቢ በሙሉ መስከረም ላይ ይደመራል፣ ያውም ካለፈ አንድ ዓመት ሊሞላው በተቃረበው መስከረም ላይ። የሂሳብ ሠራተኛዋ በየዓመቱ ልዩነቱን በእጇ ስታስተካክል ኖራለች፤ ሲስተሙ እንዲህ ነው ብለዋታል።

ሌላም አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል አይደል? ሪፖርቱ ወሮቹን በቁጥራቸው ስለሚደረድር መስከረም ይቀድማል፣ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ይመጣል። ድምሩ «እስከዚህ ወር ድረስ» የሚል ዓምድ ስላለው ሁሉም ቁጥር ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል 11፣ 12፣ 13፣ ከዚያ ከ1 እስከ 10 ነው። ይህን የሚያህል ነገር አንድ ትንሽ ዝርዝር ቢጻፍለት ያልቅ ነበር።

ዲያቆን ኮደር፦

እኔ ያየሁት ኮድ ጳጉሜን ያውቃል፣ ስድስተኛዋንም ያውቃል፣ ግን ዓመቱን ስቷል። «ዓመቱ ለ4 ያለቀሪ ከተካፈለ ጳጉሜ 6 ናት» ይላል። ከፈረንጁ ሕግ በቀጥታ የተቀዳ ነው። በእኛ ቀሪው 3 ሲሆን ነው። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ጳጉሜ 6 ነበረች። ኮዱ ግን 5 ብሎ ዘጋና የዚያን ቀን የገባ ክፍያ ሁሉ «የሌለ ቀን» ተብሎ ተመለሰ።

ይህን ለማወቅ ኢንተርኔት እንኳን አያስፈልግም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ልጅ የሚያሰላው ነው፦ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፣ ለ4 አካፍል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። ቀጣዩ 2019 ነው፤ ሰፊ ጊዜ የለንምና ሲስተማችሁን ከአሁኑ ፈትኑ።

የልደታ ልጅ፦

ገና ተማሪ ነኝ። እሺ፣ ወደ ፈረንጅ መቀየር በትክክል እንዴት ይጻፋል? 8 መደመር ካልሆነ 7 ነው?

ጠጋኙ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ ማብቂያ 8። ግን በዚህ መንገድ አትጻፈው፤ የወር ድንበሮቹ ውስጥ ትጠፋለህ። በመካከል አንድ ተከታታይ የቀን ቁጥር አስገባ። የጁልያን ቀን ቁጥር ይባላል፦

1723856 + 365 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × ወር + ቀን − 31

መስከረም 1 ቀን 2016ን አስገብተህ ሞክር፤ 2460200 ሊሰጥህ ይገባል። ይህ ቁጥር በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ከቁጥሩ ወደ ግሪጎርያን የሚቀይር ፈንክሽን ደግሞ በብዙ ቋንቋ ይገኛል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነና የመቶ ዓመት ልዩ ሕግ ስለሌለን የእኛ በኩል ያለው ስሌት ይህችው አንድ መስመር ናት። ሰው ይህን ትቶ ለምን 400 መስመር «ከሆነ፣ ካልሆነ ከሆነ» ይጽፋል?

እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለህ በቋሚ ቁጥር እንዳታስገባም። ጳጉሜ 6 በሆነች ማግሥት 12 ላይ ይውላል። ከ1800 እስከ 1899 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአብዛኛው 10 ላይ ይውል ነበር፣ ከ2100 ጀምሮ በአብዛኛው ወደ 12 ይሸጋገራል።

ማህደር፦

በጠጋኙ ስሌት እስማማለሁ። የማልስማማው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ላይ ነው፣ ብዙዎቻችሁ «ዳታቤዝ ውስጥ ግሪጎርያኑን ብቻ አስቀምጡ» ስለምትሉ። እኔ ከልደትና ከጋብቻ መዝገብ ጋር ነው የምሠራው። ሰውዬው «ጳጉሜ 3» ብሎ ፈርሟል። መቀየሪያው ላይ ባግ (የኮድ ስህተት) ካለ፣ የተቀየረውን ብቻ ካስቀመጥኩ፣ የተናገረውን መልሼ አላገኘውም። የጠጋኙ ነሐሴ 30ዎች የደረሰባቸው ይኸው አይደለም እንዴ? ስለዚህ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ፦ ሰው የሰጠውን እንዳለ፣ ለመደርደርና ለማነጻጸር ደግሞ የተሰላውን።

ሰኔና ሰኞ፦

ማህደር፣ ሁለቱ ሲጋጩስ የትኛው ያሸንፋል? ለሽያጭና ለክፍያ ሰርቨሩ የመዘገበው ሰዓት ይበቃል፤ ሁለት ዓምድ ካለ አንድ ቀን አንዱ ይስታል።

ማህደር፦

ለክፍያ ልክ ነህ፣ ሰዓቱን ማሽኑ ነው የሚያውቀው። ሰው በአፉ ለሚሰጠው ቀን ግን ሰውየው ያሸንፋል፣ የተሰላው እንደገና ይሰላል።

ቴስተሯ፦

የክሊኒክ ቀጠሮ አስታዋሽ። እንግዳ ተቀባይዋ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላ ታስገባለች፣ ኮዱ 2ን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። አስታዋሹ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲላክ ተደርጓል። እናትየው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «ቀጠሮዎ አንድ ሰዓት ቀርቶታል» የሚል መልእክት ይደርሳታል። የስልኩ ደወል ሕፃኑንም ቀስቅሶታል።

መፍትሔ ተብሎ የተጻፈው ይብሳል፦ «ሰዓቱ ላይ 6 ደምር»። ጠዋት 2 ወደ 8 ሆነ፣ እሰየው። ማታ 2 ሰዓትም 8 ሆነ። ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለውን ፎርሙ ላይ ሳይጠይቁ ቁጥሩን ብቻ ማሸት አይሠራም። መምረጫ አድርጉለት፣ ከጎኑ ደግሞ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በዲጂታል 08፡00» ብላችሁ አሳዩት። እንግዳ ተቀባይዋ ስህተቱን ራሷ ታየዋለች።

ስለ መልእክቱም ልንገራችሁ። ኮዱ የመልእክቱን ርዝመት ለ160 እያካፈለ ነው ዋጋ የሚገምተው። 160 የላቲን ፊደል ነው። ግዕዝ ሲሆን አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ ሲቀጣጠል ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል 67። 200 ፊደል ያለው አማርኛ ሦስት መልእክት ሆኖ ሲሄድ ሲስተሙ ሁለት ብሎ መዝግቧል። ሂሳቡ ለምን እንደማይገጥም የሚያውቅ አልነበረም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከዚህ ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ላለው ማኅበረሰብ የኦንላይን ትምህርት የሚያዘጋጅ መተግበሪያ ውስጥ «አዲስ አበባ ማለት የእኛ ሰዓት ሲደመር 7» የሚል ቋሚ ነበረ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የእኛ ነው። ኖቬምበር ላይ ሰዓት ሲመለስ ልዩነቱ 8 ሆነና እዚያ ያሉት መምህር ባዶ ስክሪን ፊት አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ የመጣው ጥገና «ወሩ ከ11 እስከ 3 ከሆነ 8» ነው። ሰዓቱ የሚቀየረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ እንጂ በወር መባቻ አይደለም፤ ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኖቬምበር ለጥቂት ቀናት፣ በማርች ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ትርምስ።

አብዛኛው ቋንቋ የሰዓት ሰቅ ዳታ መጠቀም ይችላል። «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» በሉት፣ የቀረውን ለእሱ ተዉለት።

ዳታቤዝ እናት፦

ቀኑንስ ተዉት፣ ስማችንን ምን እንደሚያደርጉት ልንገራችሁ።

«ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሳጥን አለ። ኮዱ በባዶ ቦታ ይከፍለዋል፦ አንደኛው ስም፣ ሁለተኛው የአባት፣ ሦስተኛው የአያት። «ገብረ መድኅን ወልደ ሰንበት ተሰማ» ሲገባ ስሙ ገብረ፣ አባቱ መድኅን፣ አያቱ ወልደ ሆኑ። ሰንበትና ተሰማ ተጣሉ። በዚህ መንገድ ስማቸው «ገብረ» ብቻ የሆነ ሰዎች አንድ ሙሉ ገጽ ሞልተዋል፣ የአባታቸው ስም ደግሞ ሚካኤል፣ ሥላሴ፣ እግዚአብሔር።

በሌላ ሲስተም ደግሞ የስሙ ዓምድ 20 ተብሎ ተወስኗል፣ የሚቆጥረው ግን በፊደል ሳይሆን በባይት፣ በኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ይወስዳል። «ወለተ ጊዮርጊስ» 25 ባይት ናት። 20ኛው ላይ ሲቆርጣት «ወለተ ጊዮር» ብሎ፣ ከጊ ላይ አንድ ባይት ብቻ ወስዶ፣ ጥያቄ ምልክት ያለበትን ጥቁር አልማዝ ያወጣል። መታወቂያ ካርዱ ላይ ታትሞ ወጥቷል!

ፍለጋውም አለ። «ኃይለ ሥላሴ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይለ ስላሴ» ሲባል አይገኝም። አንድ ሰው ይህን ለማስተካከል ዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን ኃ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉ ሀ፣ ሠን ሁሉ ሰ አድርጎ ለወጣቸው። ፍለጋው ሠራ። ሰዎች ግን የዲግሪያቸው ስምና የመዝገቡ ስም አልገጥም አላቸው። ይህን ሳይ ከልቤ አዘንኩ። ለፍለጋ ተብሎ የተስተካከለ ሌላ ዓምድ ይሠራል እንጂ የሰው ስም አይነካም፤ ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

የድሮ ፊደል፦

ልጆች፣ እናንተ ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ከመጣ በኋላ የደረሳችሁ ናችሁ። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ኮድ ነበረው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ይታየዋል። ያን ጊዜ የተጻፉ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ኮድ አንድ ጊዜ እንድመለከት ተጠይቄ ነበር። «ፊደሉ ለ ከሆነ ግዕዝ፣ ሉ ከሆነ ካዕብ፣ ሊ ከሆነ ሣልስ» እያለ ሆሄያቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች ናቸው፣ ጰ ላይ ሲደርስ ሰልችቶት ሳድሱን ዘሎታል። ስለዚህ ጳጳስ ይቀየራል፣ ኢትዮጵያ ግን በመካከሏ ቀዳዳ አላት።

ፊደሉን ለዩኒኮድ ያዘጋጁት ሰዎች ያሰቡበትን ተመልከቱ። ገበታው በስምንት በስምንት ተደርድሯል። ለ 4616፣ ሉ 4617፣ ሊ 4618 እያለ ሏ 4623 ነው። ቁጥሩን ለ8 አካፍሉ፤ ቀሪው የስንተኛው ቤት እንደሆነ ይነግራችኋል፣ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ። በዚያ ሁሉ መስመር ፈንታ አንድ ማካፈል ይበቃል። የገበታውን አሠራር ሳያዩ ወደ ኪቦርድ መሮጥ ነው ያን ሁሉ ያጻፈው።

ዲያቆን ኮደር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የቀሪ ነገር ሳላውቀው ነው የኖርኩት። የዚያን ዘመን ታሪክ ሲመችዎ ራሱን ችሎ ክር ይክፈቱልን።

የመርካቶ ልጅ፦

የእኔ አጭር ናት። የስልክ ማረጋገጫ፦ «በ09 ካልጀመረ ስህተት»። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራውን በይፋ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። ድርጅቱ ማረጋገጫውን አላስተካከለም፤ ፎርሙ ሥር በቀይ «እባክዎ የ07 ስልክ ካለዎት 0ን ተከትሎ 9 ብለው ያስገቡ» ብሎ ጻፈ። የማረጋገጫ ኮዱ ወደማን ሲሄድ እንደሰነበተ አስቡት!

ደመወዝ አስሊ፦

መርካቶ፣ ይህንን የሚበልጥ አለኝ ብዬ ነበር፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

የደመወዝ ግብር ነው። በ2017 እስኪሻሻል ድረስ፣ በአዋጅ 979/2008 ሠንጠረዥ 600 ብር ድረስ ነፃ፣ እስከ 1,650 10 በመቶ፣ እስከ 3,200 15 በመቶ እያለ ከ10,900 በላይ 35 በመቶ ይደርስ ነበር። ኮዱ «ከ600 በላይ እና ከ1,650 በታች ከሆነ 10 በመቶ፤ ከ1,650 በላይ እና ከ3,200 በታች ከሆነ 15 በመቶ» ይላል። ልክ 1,650 ብር የሚያገኘው ሰው የት ይገባል? የትም። ግብሩ ዜሮ ነው፤ መክፈል የነበረበት 105 ብር ነው። በየእርከኑ ጫፍ ላይ ያሉት ሁሉ ነፃ ወጥተዋል።

ሌላኛው ቅጂ ደግሞ እርከኑን ይዞ፣ ከተባዛው ላይ ለየእርከኑ የሚነሳውን ተቀናሽ ረስቷል። 10,900 ብር ደመወዝተኛ በ30 በመቶ 3,270 ብር ይቆረጥበት ነበር። ከዚህ ላይ 955 ሲነሳ 2,315 ነበር መሆን ያለበት። በየወሩ ከሰው ደመወዝ ላይ ሲወሰድ ነበር እንግዲህ። እዚህ ጋ ሳቅ የለም፤ ያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ነው።

ሳቁ የመጣው በ2017 ነፃው መነሻ ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ነው። 600 የሚለው ቁጥር በየፋይሉ በእጅ ተጽፏል። አንድ ባልደረባ «600ን ፈልግ፣ በ2000 ተካ» አለና ጨረሰ። ሲስተሙ ሰው ከፍቶት ሳይነካው ሲቆይ ከ600 ሰከንድ በኋላ ያስወጣው ነበር፤ አሁን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይታገሣል። የ600 ብር የትራንስፖርት አበልም ወደ 2,000 አድጎ ሠራተኛው ሁሉ ፈንድሻ ሊያፈነዳ ደርሶ ነበር። ሠንጠረዡን ዳታቤዝ ውስጥ ከሚጸናበት ቀን ጋር አስቀምጡት፤ ያለፈ ወር ውዝፍ ስታሰሉ የዚያን ወር ሠንጠረዥ ትፈልጋላችሁና።

የልደታ ልጅ፦

የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ስንረከብ ያየሁት፣ ቫሪያብሎቹ (ኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚይዙት ስሞች) አማርኛ ሆነው በላቲን ፊደል ነው የተጻፉት። «ክፍያ» የሚለው በአንዱ ቦታ በአንድ ዓይነት፣ ዝቅ ብሎ በሌላ ዓይነት ተጽፏል። ፓይተን ሁለተኛውን አዲስ ቫሪያብል ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ክፍያው ይደመራል፣ የሚታተመው ግን ሌላኛው ነው፣ ሁልጊዜ ዜሮ። ከላዩ ደግሞ «ይህን አትንኩ፣ ነክቼው አይቻለሁ» የሚል ኮሜንት አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ያ ኮሜንት ያለበትን ኮድ ነው መጀመሪያ መንካት ያለብህ፣ በቴስት አስረህ። «አትንኩት» ተብሎ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚያደርግ ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ድርጅት ላይ ታይቷል። ለዓመታት ያልተጠቀሙበት አሮጌ ኮድ ከሲስተማቸው አልወጣም ነበር። እሱን ይቀሰቅስ የነበረውን ምልክት ለአዲስ ሥራ መልሰው ተጠቀሙበት። አዲሱን ኮድ ከስምንቱ ሰርቨሮች ሰባቱ ላይ ጫኑት፣ ስምንተኛው ቀረ። ገበያው ሲከፈት ያ አንዱ ሰርቨር አሮጌውን ኮድ ቀስቅሶ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ጀመረ። 45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሰሩ፣ ድርጅቱም ራሱን ችሎ አልቆየም። የሞተ ኮድ ይሰረዝ፤ የኮዱን ታሪክ በሚይዘው ጊት ውስጥ አለ፣ ካስፈለገ ይመለሳል።

ቴስተሯ፦

እስካሁን ለተነሱት የቀን ኮዶች ሁሉ የሚሆን መፈተኛ ላስቀምጥ። ገልብጣችሁ ውሰዱ፦

ጳጉሜ 6 ቀን 2015፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023
መስከረም 1 ቀን 2016፦ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023
ታኅሣሥ 22 ቀን 2016፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024
የካቲት 21 ቀን 2016፦ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024
መስከረም 1 ቀን 2017፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024
ታኅሣሥ 23 ቀን 2017፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025
ጳጉሜ 6 ቀን 2017፦ ውድቅ መሆን አለበት
ጥር 31፣ በማንኛውም ዓመት፦ ውድቅ

በሁለቱም አቅጣጫ አስኪዱት፣ ሄዶ ሲመለስ ያው ቀን መሆን አለበት።

ጠጋኙ፦

ቴስተሯ፣ ተባረኪ። አሁኑኑ በተረከብኩት ላይ አስኬድኩት፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜ 6 ቀን 2017ን በአጋጣሚ ውድቅ ከማድረጉ በቀር ሁሉንም ወደቀ። እየጻፍኩት ባለው አዲሱ ላይ ሁሉም አለፉ። ነሐሴ 30 ተብለው የተመዘገቡትን ሰዎች ዝርዝር አውጥቼ ለጽሕፈት ቤቱ ሰጥቻለሁ፤ እየደወሉ ልደታቸውን ይጠይቋቸዋል። ማህደር፣ የሰው ቃል የሚቀመጥበትን ዓምድም ጨምሬያለሁ።

ማህደር፦

ሲደውሉላቸው ከጳጉሜ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ጠይቋቸው፤ «ጳጉሜ ነው» ብቻ ያለ ካለ ቀኑን ባዶ ተዉት፣ 1 ብላችሁ አትሙሉት።

ጠጋኙ፦

ይሁን። ዓምዱ ባዶ እንዲቀበል ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ።